ጋሼ ደምሴ አላርፍም ያለበት ሁዳዴ

ባለፈው ቅዳሜ ፕሌዘንተን ልጄ ቤት ውዬ አደርኩ። የልጅ ልጄ ሜላት ዋናተኛ ናት፤ ገና ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆና ትከሻዋ ከአባቷ ትከሻ ይሰፋል። ትልቅ ውድድር ስለቀረባቸው አሠልጣኛቸው ልምምዱን በግማሽ ቀንሶ፣ ቤታችሁ ሂዱና ተኙ ብሏቸዋል። ሌላ ልጅ ቢሆን ይጨፍር ነበር። እሷ ግን ሶፋው ላይ ተጠቅልላ ታለቅሳለች።

ምን ሆንሽ ብላት፣ «አይ ፊል ሶ ሌዚ፣ እማማ። እስከዛሬ የሠራሁትን ሁሉ ሉዝ ላደርገው ነው» አለችኝ።

«እረፊ ካሉሽ እረፊ እንጂ!» ብዬ ጮህኩባት። የልጅ ልጆቼ ላይ ጮኬ አላውቅም። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጄ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ «እማዬ፣ ምን አስቆጣሽ?» አለች። ምን ብዬ ልመልስላት? ሾርባዬን ፉት ፉት ማለቴን ቀጠልኩ። ያስቆጣኝ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ቦክሰኛ ነበር። እኔ ነርስነት ልማር እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ የመጣሁት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በስልሳዎቹ አጋማሽ ነው፤ እሱ ትንሽ ቆይቶ ተከተለኝ። አገር ቤት ወታደር ነበር፤ ቡጢ የተማረውም ጦር ሰፈር ውስጥ ነው። እዚያ አሠልጣኝ ማለት አለቃ ማለት ነበር። የደከመው ሰው ይሰደባል፣ ያረፈው ይቀጣል። ይህን ትምህርት ጋሼ እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞት መጣ።

ከተማው መሐል ካለው ሐይቅ አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ጋሼ ሄይዋርድ ውስጥ ቲማቲም የሚያሽግ ፋብሪካ ተቀጠረ። በጋውን ሙሉ ልብሱ፣ ፀጉሩ፣ ትራሱ ሳይቀር የተቀቀለ ቲማቲም ይሸታል። ዝናቡ ሲገባ ፋብሪካው ሠራተኛውን ያሰናብትና እስከ ቀጣዩ ምርት ሥራ የለም። ሰው ሥራ ሲፈታ ይተኛል፣ ካርታ ይጫወታል፣ ይጠጣል። ጋሼ ግን ቀኑን ሙሉ ለቦክስ ሰጠው። ያኔ ይህን እንደ ጨዋነት ቆጥሬ ለጓደኞቼ እኮራበት ነበር።

የሚለማመደው ምሥራቅ ኦክላንድ፣ ከአንድ ጎማ ቤት በላይ ባለ አዳራሽ ነበር። አሠልጣኙ ሚስተር ክላረንስ የሚባሉ ከሉዊዚያና የመጡ ጥቁር አዛውንት ናቸው፤ ወፍራም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው የማይለዩ። እሑድ እሑድ ቤታቸው እየጠሩን በርበሬ የበዛበት የዓሣ ወጥ በሩዝ ያበሉን ነበር። ዛሬም የዓሣ ወጥ ሲሸተኝ እሳቸውን አስታውሳለሁ። ጋሼን ይወዱት ነበር። «ይህ ልጅ ሥራ አይፈራም» ይላሉ። ጥቂት ቆይተው ግን፣ «ትንሽ ቢፈራ ጥሩ ነበር» ማለት ጀመሩ። እኔ ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር።

በዚያ ዓመት አንድ ግጥሚያ ተገኘለት። ተጋጣሚው የሳን ሆዜ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ከሜክሲኮ የመጡ፣ በከተማው የሚወደድ፣ ስሙ የገነነ። ጋሼ ይህን ሰው ካሸነፈ ፋብሪካውን ትቶ በቦክስ ብቻ መኖር እንደሚችል ሚስተር ክላረንስ ነገሩት። ከተሸነፈ ግን በዚያ ዕድሜው ሌላ እንዲህ ያለ በር እንደማይከፈትለት ሦስታችንም እናውቃለን። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነበር። ግጥሚያው ለቅበላ ሰሞን ተቆረጠ፤ ጋሼም ሥጋውን እየበላ፣ ወተቱን እየጠጣ ተዘጋጀ።

ግጥሚያው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ስለጣለ ካፖርቱን ይዤለት ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ደረጃውን ስወጣ ሌላ ጊዜ የሚሰማው የመዝለያ ገመድና የሚደበደብ ጆንያ ድምፅ የለም። ገብቼ ሳይ ሁሉም ሰው ሥራውን አቁሞ ሪንጉን ከብቧል። ጋሼ ከአንድ ከእሱ ከሚከብድ ልጅ ጋር ይለማመዳል። ቦክስ አልወድም፤ ወንድሜ ላይ ቡጢ ባረፈ ቁጥር እኔን ያመኛል። የዚያን ቀን ግን ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። አይቸኩልም። ቡጢው ሲመጣ እሱ ቀድሞ ከቦታው የለም። እግሩ ወለሉን የሚነካም አይመስልም። ያ ትልቅ ልጅ ራሱ በተመታ ቁጥር ይስቅ ነበር፤ ምን ያድርግ?

ሚስተር ክላረንስ አጠገቤ ቆመዋል። ደስ ይላቸዋል ብዬ ዞር ብል ፊታቸው ተጨንቋል።

«ምነው፣ ጥሩ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ከዚህ የተሻለ አይቼ አላውቅም» አሉኝ። «ግጥሚያው ዛሬ ማታ ቢሆን ኖሮ ማንንም ያሸንፍ ነበር። አንድ ሳምንት እንዴት አድርጌ ላቆየው ነው?»

ነገሩ የዚያን ቀን በደንብ አልገባኝም። ሰውነት እንደ ሙዝ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ጥሬ ነው፣ ጥሬ ነው ስትል አንድ ቀን ይበስላል፤ ያን ቀን ካልበላኸው ማቆያ የለውም። ወጣት ሆኖ ይህን የሚያምን ግን የለም።

በማግስቱ ሚስተር ክላረንስ ቤታችን ድረስ መጡ። የሳን ሆዜው ልጅ በልምምድ ላይ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ተሰፍቷል፤ ግጥሚያው ከአንድ ወር በላይ ተራዝሟል። ጋሼ ቁጭ እንዳለ ቀረ። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ፤ ሲያወልቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ስማኝ ልጄ» አሉት። «አሁን ወደ ታች መውረድ አለብህ። አንድ ሳምንት አዳራሹ እንዳትደርስ። ብላ፣ ተኛ፣ ሲኒማ ግባ። ከዚያ እንደገና ቀስ ብለን እንወጣለን።»

«እሺ» አለ ጋሼ። እንዴት ያለ እሺ! ታላቅ ሰው ፊት እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ብቻ የወጣ እሺ። ሚስተር ክላረንስ ግን አሜሪካዊ ናቸውና እሺ ሲባሉ እሺ የተባሉ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ሄዱ።

በሳምንቱ መጨረሻ ዓሣ እናጥምድ ብለው ወደ ባሕሩ ወሰዱት። ሲመለሱ ሚስተር ክላረንስ ብቻቸውን በመኪና መጡ። ጋሼ፣ ለምን ቤንዚን እናቃጥላለን ብሎ፣ እየሮጠ ደረሰ። የአዳራሹን በር ሲዘጉበት ደግሞ ጓሯችን ካለው ዛፍ ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ሰቀለ። ያን ጆንያ ሲደበድብ ጎረቤታችን የነበሩት ፖርቱጋላዊት አሮጊት በመስኮት እያዩ ያማትቡ ነበር።

በዚህ መሐል ሁዳዴ ገባ።

በዚያ ጊዜ በዚያ አካባቢ የእኛ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የለ፣ ቄስ የለ። ያለን አንድ ዲያቆን ነበር፤ አምሃ ይባላል። አገር ቤት ቅኔ ተምሮ፣ በርክሌይ የኢኮኖሚክስ ዶክትሬት የሚሠራ፣ ፀጉሩን እንደ ጎፈር ያሳደገ። ባሕረ ሐሳብ ስለሚያውቅ ጾምና በዓል የሚውልበትን ቀን እያሰላ በስልክ ለሁላችን የሚነግረን እሱ ነው። ራሱ ግን መጾሙን ከተወ ቆይቷል። የዚያን ዓመት ሁዳዴም መቼ እንደሚገባ ለጋሼ ደውሎ የነገረው እሱ ነበር።

ጋሼ ከልጅነቱ ሁዳዴን ሳይጾም ቀርቶ አያውቅም። ጦር ሰፈርም ጾሟል። ጠዋት ሐይቁን ዞሮ ዞሮ ይሮጣል፤ ውኃ እንኳን በአፉ አይዞርም። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምስር ወይም ጎመን በሩዝ ይበላል፣ እሱንም ጥቂት። ሚስተር ክላረንስ ነገሩን የሰሙት ጋሼ አዳራሽ ተመልሶ፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ነው። ሌሎቹ ልጆች ክብደት ለመቀነስ በላስቲክ ተጠቅልለው ሲያልቡ እሱ እየቀነሰ ሄዷል።

«ምንድን ነው የምታበይው?» ብለው በኔ ላይ ዞሩብኝ። ስለ ጾሙ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሃይማኖተኛ ናቸው። «ከእግዚአብሔር ጋር መጣላት አልችልም» አሉና ሄዱ።

ያኔ ትምህርት ቤት የእጅ ትርታ መቁጠር ተምሬ ነበርና በየጠዋቱ ገና ከአልጋው ሳይነሣ እጁን እይዝ ነበር። በፊት በፊት የጋሼ ትርታ እንደ ሽማግሌ እርምጃ ቀርፋፋ ነው፤ መምህራኖቼን አስገርሜበታለሁ። አሁን ተኝቶም እንደሮጠ ሰው ይመታል። እንቅልፍ አጣ። ከንፈሩ ቆሰለ። ጉንፋን ያዘውና አልለቀው አለ። በረባ ባልረባው ይቆጣል፤ ሰሐን አስቀምጬ ድምፅ ካሰማሁ እንኳ ይጮህብኛል፣ ከዚያ ይቅርታ ይጠይቀኛል። የሚሆነውን አያለሁ፤ ሰውነቱ ከልክ በላይ መድከሙንም ገምቻለሁ፤ ማስቆሚያው ግን የለኝም። ነርስ መሆን እንዲህ ከሆነ ምን ይሠራልኛል እያልኩ አለቅስ ነበር።

አንድ ቀን ሽሮ እየሠራሁ ቅቤውን ከማቀዝቀዣ አወጣሁ። አንድ ማንኪያ ብቻ ጨምሬ በርበሬውን ባበዛው አያውቅም። ማንኪያውን ይዤ ድስቱ ላይ ቆምኩ። ካወቀ ከእጄ ዳግመኛ አይበላም። ካላወቀ ደግሞ እኔ ከእሱ ጋር በአንድ ገበታ እንዴት ልቀመጥ ነው? ሽሮው ሊያርርብኝ ሲል ቅቤውን መለስኩት። ምንም ሳላደርግ፣ ትልቅ ነገር እንደሠራሁ ሁሉ ላብ አጥምቆኝ ነበር።

በመጨረሻ አምሃን ጠራሁት። ቮልስዋገኑን እያስጮኸ መጣ። ጉዳዩን ነግሬው፣ አንድ ነገር በለው ብዬ ለመንኩት። ጋሼ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል፤ ጉንጩ ገብቷል፣ ዓይኑ ትልቅ ሆኗል።

«ወንድም ደምሴ» አለ አምሃ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ጾም ለመንገደኛና ለደካማ ይቀላል። አንተ በሰው አገር ነህ፣ ከባድ ሥራም ላይ ነህ። ይፈቀድልሃል።»

«ማን ፈቀደልኝ?»

«ሕጉ።»

«አምሃ፣ ባለፈው ዓርብ አንተ ዶሮ ስትበላ አይቼሃለሁ» አለ ጋሼ በእርጋታ። «አልፈረድኩብህም። ግን አንተ ልትፈታኝ አትችልም። የነፍስ አባቴ ይፍቱኝና ዛሬውኑ እበላለሁ።»

አምሃ ፊቱ ቀላ። ነገሩ እውነት ነበር። የነፍስ አባታችን ያሉት ከደብረ ብርሃን ወዲያ የበቅሎ መንገድ በሚያስኬድ ደብር ነው። ስልክ የለም። ደብዳቤ ብጽፍ መልሱ ከፋሲካ በኋላ ነው የሚደርሰው። ያን ሁሉ ፎቅ፣ ያን ሁሉ ድልድይ በሠራ አገር ውስጥ ተቀምጠን፣ አንዲት «ይፍታህ» የምትል ቃል ከአንድ ሽማግሌ አፍ ማምጣት አልቻልንም። አምሃ መኪናው ጋ ስሸኘው፣ «የሺ፣ ቀኑን ባልነገርኩት ኖሮ» አለኝ። ባይነግረውም ጋሼ ቀኑን አያጣውም ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔው ፊት ለፊት ተናገርኩት። «ጋሼ፣ ጾሙን ጹም፤ እሺ። ሩጫውን ግን ተው። አንዱን ተውልኝ! ሁለቱ አብረው ይገድሉሃል።»

ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና ሳይል መለሰልኝ።

«የሺዬ፣ የዚያን ማክሰኞ ዕለት ምን እንደተሰማኝ አታውቂም። የሚመጣውን ሁሉ ከመምጣቱ በፊት አያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ልሆነው ስፈልግ የኖርኩት ሰው የዚያን ዕለቱ እኔ ነው። አንድ ቀን ብተኛ ጥሎኝ ይሄዳል።»

«ሄዷል እኮ! አይታይህም?»

ጫማውን አስሮ ተነሣ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወጣ። ዝናብ ነበር። ጾሙም ልማዱም ሳይሆን ፍርሃት እንደያዘው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ፍርሃትን ደግሞ የሚፈታ ቄስ የለም።

ግጥሚያው የደረሰ ቀን በአምሃ መኪና ወደ ሳን ሆዜ ወረድን። ዛሬ የኮምፒውተር ኩባንያዎች ቢሮ የተደረደረበት ሜዳ ያኔ የፕለም አትክልት ቦታ ነበር። ዛፎቹ ነጭ አበባ ለብሰዋል፤ ሥራቸው ቢጫ ሰናፍጭ በቅሎበታል። መንገዱ መጀመሪያ የባሕሩን ጭቃ፣ ቀጥሎ አበባ ይሸታል። ጋሼ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣ «አገሩ እንዴት ያምራል!» አለ። ለስንት ጊዜ ሳይናገር ከርሞ ያን ስላለ ተስፋ አደረግሁ። ሰው ተስፋ ሲያጣ ምንም ይበቃዋል።

ሚዛን ላይ ሲወጣ ከሚፈቀደው ክብደት በታች ብዙ ወርዷል። የሳን ሆዜው ልጅ ቅንድቡ ድኗል፤ አርፎ፣ በልቶ፣ ቆዳው ያብረቀርቃል። የተሰነጠቀው ቅንድብ ለእሱ እረፍት ሆኖለታል። ከፓሎ አልቶና ከበርክሌይ የመጡ የእኛ ልጆች ከኋላ ተሰብስበው «ደምሴ! ደምሴ!» ይላሉ፤ አዳራሹ በሌላው ልጅ ስም ሲናጋ የእነሱ ድምፅ ይጠፋል።

የመጀመሪያውን ዙር ጋሼ አሸነፈ። የማክሰኞው ሰው ለአፍታ ብቅ አለ፤ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። በሁለተኛውም እንደምንም ነው። በሦስተኛው እግሩ ቆመ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ቆመ። ቡጢው ሲመጣ ያያል፣ ማየቱን ከዓይኑ አውቃለሁ፣ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ዙሩ ሲያልቅ እኔ ከጥጉ አጠገብ ነበርኩ።

«እጄን እልከዋለሁ፣ አይሄድም» አለ ለሚስተር ክላረንስ።

«ይብቃህ፣ ላስቁመው» አሉት።

«እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ አያስቁሙት!» እንግሊዝኛው ጠፍቶበት በአማርኛ ነው ያለው። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። ምን አለ ብለው ሳይጠይቁኝ ገባቸው። ተሸንፈናል ለማለት የሚወረወረው ፎጣ እጃቸው ላይ ነበር፤ አንገታቸውን ደፉ፣ አልወረወሩትም። እኔም ይወርውሩት አላልኩም፤ ብልም የሚሰማኝ አልነበረም።

እስከ መጨረሻው ዙር ቆሞ ተመታ። አልወደቀም። ቢወድቅ እንዴት ደስ ባለኝ! ሕዝቡ መጨረሻ ላይ መጮኹን ትቶ ነበር፤ ያ ልጅ ራሱ ዳኛውን እያየ፣ አስቁመው እንጂ የሚል ይመስላል። ሲያበቃ ጋሼን አቅፎት ጆሮው ላይ አንድ ነገር ተናገረ። ምን እንዳለው ጋሼን በኋላ ጠየቅሁት።

«ልምምድህን አይተው የመጡ ሰዎች አስፈራርተውኝ ነበር፤ ያ ያዩት ሰውዬ የት ሄደ? አለኝ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ፊቱ አብጦ፣ አንድ ዓይኑ ተደፍኖ፣ የበሩን መከፈት ሰማሁ። በመስኮት አየሁት፤ በሐይቁ ዳር ይሮጣል። ሩጫ አልነበረም፤ እግሩን እየጎተተ ነው። ወርጄ ልይዘው አሰብኩ። ይዤስ? ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ እየሆነ ሌሎችን ተጋጠመ፤ አንዳንዱን አሸነፈ፣ የበዛውን ተመታ። ያ ማክሰኞ ግን አንድም ቀን አልተመለሰለትም። ከዚያ ቦክሱን ትቶ ወደ ፋብሪካው ተመለሰ፤ እስከ ጡረታው ቲማቲም ሲያሽግ ኖረ።

እሑድ ከፕሌዘንተን ስመለስ ኮንኮርድ ጎራ አልኩ። ጋሼ እዚያ ከሴት ልጁ ጋር ይኖራል። እጆቹ መንቀጥቀጥ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ሐኪሞቹ ከቡጢው ይሁን ከዕድሜው አፋቸውን ሞልተው አይናገሩም። ቁጭ ባለበት፣ ምንም ባልያዘበት፣ ጭኑ ላይ ሆነው ያለ ማቋረጥ ይንቀጠቀጣሉ። የሜላትን ለቅሶ ስነግረው ሳቀ።

«ምነው ጮህሽባት? ልጅቷ የሚሰማትን አንቺ አታውቂውም» አለኝ። ዛሬም እንደዚያው ነው፤ አይሰማም።

«አንተስ አሁን ታርፋለህ?» አልኩት።

«እኔማ ፈልጌ ነበር» አለ፣ በአገጩ ወደ እጆቹ እያመለከተ። «እነዚህ እምቢ አሉኝ እንጂ።»

ሁለቱንም እጆቹን ያዝኳቸው። ጠበቅ አድርጌ ብይዛቸውም በእጄ ውስጥ መንቀጥቀጣቸውን አልተዉም። ይህ በሽታ ጉልበትም ልመናም አይሰማም፤ ስንት በሽተኛ ላይ አይቼዋለሁ። ሲጫወት፣ ሲጫወት ወሬው እየቀዘቀዘ ሄደ፣ አንገቱ ዘንበል አለ፣ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ያን ጊዜ እጆቹ ቆሙ። እንቅልፍ ሲመጣ እንደሚቆሙ ነርስ ነኝና አውቃለሁ፤ ቢሆንም በወንድሜ እጅ ላይ ሲሆን ሌላ ነው። ልጁ ሻይ ይዛ ስትመጣ ድምፅ እንዳታሰማ በዓይኔ ከለከልኳት። እግሬ ደንዝዟል፣ መሽቶብኛል፣ ወደ ቤቴ የምመለስበትም ባቡር አልፎኛል። ለዚህ ሰው በዕድሜዬ ያደረግሁለት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ይመስለኛልና እስኪነቃ ድረስ አልተነሣሁም።